በር የነበረበት ግድግዳ

ዓይኗ ከደከመ ወዲህ ሰዉ ሁሉ «እማማ ዳበሳ» ይላት ነበር። ስሟን ስትሰማ ራሷም ትስቃለች። ዕድሜዋን ሙሉ በአንድ የድንጋይ በረት ላም ስታልብ የኖረች ሴት ናት። ባሏ የዚያው በረት ከብት ጠባቂ ነበር፤ እሱ ሲሞትባት ከበረቱ ጋር በተያያዘችው ጠባብ ክፍል ብቻዋን ቀረች።

በረቱ መቼ እንደተሠራ የሚያስታውስ ሰው የለም። ግድግዳው ከክንድ በላይ ይወፍራል። መስኮት የለውም፤ ነፋስ እንዲገባ የተተዉ ቀጫጭን ክፍተቶች ብቻ አሉት። መሃል ላይ ጋሪ ከነጭነቱ የሚያስገባ በር ነበረው። ወለሉ የከብቱ ሽንት እንዲወርድ ወደ ቦዩ ዘመም ያለ ነው። ዓይኗ ሲከዳት እጅና እግሯ አልከዷትም። ቦዩን በእግሯ ተከትላ፣ ላሞቹ በትከሻቸው እያሻሹ ያለሰለሱትን ድንጋይ ዳብሳ፣ ወተቱን ጠብ ሳታደርግ ትወጣ ነበር።

የበረቱ ባለቤት ሲያርፉ ልጃቸው ከብቶቹን ሸጦ በረቱን የሚከራዩ ትንንሽ ቤቶች ሊያደርገው ተነሣ። ክፉ ልጅ አይደለም፤ በእሷ እጅ ነው ያደገው።

«እማማ፣ አንቺ የትም አትሄጂም። ጥግ ያለችውን፣ ፀሐይ የሚገባትን ላንቺ ነው የማሠራት» አላት።

«እኔን ያለሁበት ይበቃኛል ልጄ።»

«ያለሽበትማ ይፈርሳል።»

ሥራው እስኪያልቅ እህቷ ዘንድ ከረመች። ስትመለስ ልጁ እጇን ይዞ አስገባት። ያየው ሁሉ አፉን ይዟል፤ የጥንቱ የጣሪያ ወራጅ እንዳለ ነው፣ የጋሪው መግቢያ በመስታወት ተዘግቷል፣ ክፍተቶቹ ሰፍተው መስኮት ሆነዋል። እሷ እጇን ስትዘረጋ ያገኘችው ግን ልሙጥ ልስን ነው። በር በነበረበት ግድግዳ፣ ግድግዳ በነበረበት በር ሆነባት። እግሯ ቦዩን ፈለገ፤ ወለሉ በሲሚንቶ ተደልድሏል።

«እንዴት ነው፣ ወደድሽው?»

«እጅህ ይባረክ» አለችው። ሌላ ምን ትበል?

በማግስቱ ውሃ ልትቀዳ ወጥታ ስትመለስ ተሳስታ ጎረቤት ቤት ገባች። አዲሶቹ ተከራዮች አንዲት አሮጊት አልጋቸው ላይ ተቀምጣ ጫማዋን ስታወልቅ አገኟት። ሚስትየው ጮኸች። እማማ ዳበሳ ይቅርታ እየጠየቀች ስትወጣ ግንባሯን ከመስታወቱ ጋር አላተመች።

ልጁ ሰምቶ መጣና ከአልጋዋ እስከ መጸዳጃው ገመድ ወጠረላት። ደጅ ግን ሰው ሳይኖር እንዳትወጣ አስጠነቀቃት።

እህቷ ልትጠይቃት ስትመጣ ተቆጣች። «አፍ የለሽም? ለምን አትነግሪውም?»

«ምን ብዬ? ቤት ስለሰጠኸኝ ጠፋሁ ልበለው?»

 የእህቷ ቤት በልጅ ልጆች ተጣቧል፤ ነዪ እኔ ጋ ልትላት አልቻለችም።

መዋያዋ ወንበር፣ ማደሪያዋ አልጋ ሆነ። መራመድ ስትተው ጉልበቷ ተያዘ፤ እግሯም አበጠ። ተከራዮች ይለዋወጣሉ፣ ልጆቻቸው በመስኮት ብቅ እያሉ አይተዋት ይሮጣሉ። የልጁ ሚስት ምግብ ታመጣላታለች፣ አንሶላ ትቀይርላታለች፣ ትንሽ ታጫውታታለች። እማማ ዳበሳ ትመርቃታለች። በሩ ሲዘጋ ፊቷን ወደ ልስኑ ታዞራለች።