ቀይ የማይለይ ዓይን

ልጆቼ፣ በ2011 ዓ.ም. ኅዳር ላይ ነው። የአቃቂ ወንዝ ዳር ሳር ግማሹ ደርቆ ግማሹ ገና አረንጓዴ ነበር። የእብድ ውሻ በሽታ የያዘው ጅብ በጠራራ ፀሐይ ወጥቶ የጎረቤት አህያ ነከሰ። ቀጥሎ ሰው እንዳይነክስ ተፈራ። ያኔ የወረዳው ሚሊሻ ስለነበርኩ ክላሹን አነገብኩ። ጋሽ መኮንንና አባታችሁ አብረውኝ መጡ።

ጋሽ መኮንን የድሮ የባቡር ሠራተኛ ናቸው። ቀይ ሹራብ ኮፍያ አድርገው «ጅብ ቀይ ካየ ይሸሻል» አሉ። አባታችሁ ደግሞ፣ እንደምታውቁት፣ ቀይና አረንጓዴ አይለይም።

«አንተ ቲማቲምና ቃሪያ ሳትለይ ጅብ ልትፈልግ?» ብለው ሳቁበት።

«ጋሼ፣ ጅቡ ቲማቲም ካልሸጠ ችግር የለም» አላቸው።

የወጣነው በማለዳ ነው። ጉሙ ከወንዙ እየተነሣ የባሕር ዛፎቹን ግንድ ስለሸፈነው ቅጠላቸው አየር ላይ የተንሳፈፈ ይመስላል። የቂሊንጦ ፋብሪካ ሠራተኞች አውቶቡስ ከሩቅ ይሰማል፤ እኛ ግን ሌላ አገር የገባን መሰለኝ። ጭቃው ላይ ዱካ አገኘን፤ የኋላ እግሩ እየተጎተተ መስመር አስምሯል። ጋሽ መኮንን ዱካውን ይዘው ቀደሙ።

አባታችሁ ድንገት ትከሻዬን ያዘ። «ጋሼ፣ ይቁሙ!»

ቆሙ።

«የት ነው?» አልኩት።

«ከፊታቸው ተኝቷል።»

እኔ የማየው ሳር ብቻ ነው፤ ቢጫው፣ ቡኒው፣ አረንጓዴው እየተቀላቀለ ዓይኔን አታለለው። እሱ በዱላው አመለከተኝ። «ከጉቶው በስተግራ። ነጠብጣቡን እዪው።»

ያለኝ ቦታ ላይ አነጣጠርኩ። ያኔ ሳሩ ራሱ የተነሣ መሰለኝ። ጅቡ ለሀጩን እያንጠባጠበ ወደ ጋሽ መኮንን መጣ። «እመቤቴ!» ብዬ ተኮስኩ። እግራቸው ሥር ወደቀ።

«ቀዩን አላየውም እንዴ?» አሉ ቀስ ብለው።

ኋላ የመጣው የእንስሳት ሐኪም መለሰላቸው። ጅብም ቀይን አይለይም። የአጥቢ እንስሳት የጥንት ዘር ከብዙ ሚሊዮን ዓመት በፊት በጨለማ ሲኖር ብዙ ቀለም ጠፋበት፤ ቀይን መልሰው ያገኙት እነ ዝንጀሮና ሰው ናቸው አለ። ቀይ የማይለይ ሰው ግን ቀለም ስለማያሳስተው የተደበቀ ነገር ቶሎ ያያል አለን። የዘመኑን ርዝመት እግዚአብሔር ያውቃል። እኔ የማውቀው ጎዶሎ ያልነው ዓይን ሰው ማትረፉን ነው። ተመስገን።

በማግስቱ ጠዋት ኪዳን አድርሼ ስመለስ አባታችሁን ወንዝ ዳር ወሰድኩት። ጎን ለጎን ተቀመጥን።

«ሳሩ ላንተ እንዴት ነው የሚታይህ?» አልኩት።

ፀሐይ እስክታሞቀን ድረስ ነገረኝ።