የእንስላሉ ሥር

ዛሬ ሞላሌ፣ እናቴ ቤት ጓሮ፣ ለአራሷ እህቴ የማፈላውን እንስላል ከጎመኑ መካከል ስቆርጥ ሽታው ልጅነቴን አመጣብኝ።

ያኔ እናቴ ወልዳ ወተቷ አልወርድ ብሎ ነበር። መነኩሲቷ አክስቷ እማሆይ ከዚሁ ጓሮ እንስላል እያፈሉ ያጠጧት ነበር። ሕፃኑ ግን አልቆየልንም። በተቀበረ ማግስት እናቴ ጓሮ ወጥታ እንስላሉን በሁለት እጇ ትነቅለው ጀመር። እማሆይ አልተቆጧትም። አጠገቧ ተንበርክከው የተነቀለውን ሥር አፈር እያለበሱ፣ «ልጄ፣ ቅጠሉን እንደወደድሽ አርጊው፤ ሥሩን ግን ተዪው። ነገም የምትወልድ አለች» አሏት።

እማሆይ ካረፉ ቆዩ። ኩባያውን ይዤ እህቴ ወደተኛችበት ስገባ፣ ሽታው ቀድሞኝ ኖሮ፣ እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች።

«ሳይበርድ ትጠጣው» አለችኝ።