የደከመ ድንጋይ ዘፈን

ልጅ እያለሁ ከጎብዬ እስከ ዋጃ ያለ ወፍ ሁሉ በስም ያውቀኝ ነበር። እያጋነንኩ አይደለም፤ ወላሂ ትንሽ ብቻ ነው የጨመርኩት። ማሽላው ሲያሽት ማሳችን መሀል ማማ ይሠራል፣ እኔ ወንጭፌን ይዤ እወጣለሁ፣ ወፉ «እንድሪስ ወጣ» እየተባባለ ወደ ጎረቤት ማሳ ይዞራል። ጎረቤታችን እስከ ዛሬ ሰላም የማይለኝ በዚህ ነው። ትምህርት ላይ እንኳ ያን ያህል አልነበርኩም። አራተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተማርኩትና ሁለቴም ያው ሆኖ ሳገኘው ተውኩት። አሁንም ወጣት ነኝ፤ መታወቂያዬን አትዩ፣ ያረጀው እሱ ነው።

ማማው ላይ ጓደኛዬ ሁሴን አብሮኝ ይውላል። እኔ እጮሃለሁ፣ እሱ ዝም ይላል፣ በዚህ ነበር የተስማማነው። ጣቱ ረጅም ነው፤ ያገኘውን ዕቃ ሁሉ መታ መታ አድርጎ ሆዱ ውስጥ ምን ድምፅ እንዳለ ያዳምጣል። አንድ ባዶ የዘይት ቆርቆሮ ላይ የብስክሌት ፍሬን ሽቦ ወጥሮ አንድ ክር ብቻ ያለው ነገር ሠርቶ ነበር። ስም አልነበረውም። ሲስበው ጉምምም ይላል፤ ከጆሮ ይልቅ በእግር በኩል ነበር የሚሰማው። አባቱ ቀደም ብለው ሞተዋል፣ እናቱ እትዬ ዘሀራ ቆቦ ገበያ የአፋር ጨው ይሸጡ ነበር።

የእትዬ ዘሀራ ወንድም አያ ሙሄ ደግሞ ሾፌር ነው። ከአሰብ ጭኖ ወደ መቀሌ ሲወጣ ቆቦ እህቱ ዘንድ ያድራል። መኪናው ገና ሳይቆም ናፍጣና የባሕር ጨው ይሸተናል፤ እኔ ባሕር ሲባል ናፍጣ ያለበት ይመስለኝ ነበር። አንድ ቀን ቴፕና አንድ ካሴት ይዞ መጣ። ካሴቱን የሰጠው የመርከብ ሠራተኛ ፈረንጅ ነው። አያ ሙሄ በለስ ሲጋብዘው ፈረንጁ ከነእሾሁ ጎረሰ፣ ከምላሱ ላይ እሾህ ሲለቅምለት ውሎ ወዳጅ ሆኑ። የሚዘፍኑት የፈረንጅ የድሃ ልጆች ናቸው አለን፤ ፀጉራቸውን እንደ ዶሮ ኩክኒ አቁመው ጌቶቻቸው ላይ ይጮሃሉ፣ ሰሞኑን ደግሞ መጮህ ብቻ ሰልችቷቸው የጥቁሮቹን ጭፈራ እየቀላቀሉበት ነው። የቴፑ ባትሪ ድንጋይ ስለደከመ ለኛ ትቶልን ሄደ። በወሩ አዲስ ድንጋይ ይዞ እንደሚመለስ፣ ሲመለስ ግን ሁሴንን አሰብ ወስዶ ጋራዥ እንደሚያስገባው ለእህቱ ነገራቸው።

እትዬ ዘሀራ አለቀሱ። ያን ሰሞን ቀበሌው ለሕፃናት ኪነት አንድ አዲስ ቡድን እንደሚመርጥ ተለፍፎ ነበር። የኪነት ልጅ ዩኒፎርሙም ደብተሩም ከቀበሌ ነው። ስለዚህ ለወንድማቸው ቁርጡን ነገሩት፤ ቀበሌው ከተቀበለው ልጄ እዚሁ ይቀራል፣ ካልተቀበለው ውሰደው አሉ። ይኼን ስሰማ ሁሴንን አይዞህ፣ እኔ አለሁ አልኩት። እስከዚያ ቀን ዘፍኜ ባላውቅም አለሁ አልኩት።

ቴፑን ይዘን ማማው ላይ ወጣን። ድንጋዩ የደከመ ቴፕ እንዴት እንደሚዘፍን የኔ ዘመን ሰው ያውቀዋል። ሁሉ ነገር ማር ውስጥ እንደገባ ሆኖ ነው የሚመጣው። ዘፋኙ ከእንቅልፉ እንደተቀሰቀሰ ሽማግሌ ያጉረመርማል፤ አይዘፍንም፣ ቃሉን እየቆጠረ ያወራል። የጊታሩ ወፍራም ክር እንደ ግመል ይራመዳል፣ አንድ እግር ያነሳል፣ ያስባል፣ ያስቀምጣል። ከበሮው ደግሞ፣ ምን ልበላችሁ፣ የራያ ጭፈራ ነው። በሠርግ እጃችንን የምናጨበጭበው፣ መሬት የምንረግጠው፣ እሱው ራሱ። ፈረንጆቹ ከየት እንደሰረቁን ስንገረም ዋልን። ሁሴን አንድ ጊዜ ሰምቶ ቆርቆሮውን አነሳና ከግመሏ ኋላ ኋላ መራመድ ጀመረ።

ድንጋዩ ጭራሽ ሲተኛ አውጥተን ፀሐይ ላይ እናሰጠዋለን። ካልነቃ በጥርሴ እነክሰዋለሁ፤ የቆቦን ድንጋይ ያስነሳሁት እኔ ነኝ፣ የኔን ያህል ጥርስ ያለው አልነበረም። እሱ እስኪሞቅ ማሽላው መሀል ጋደም እንላለን። ንፋሱ ከቆላው ሲመጣ የማሽላው ራስ ሁሉ ባንድ ላይ ይነቀንቃል፣ ሰማዩ በሙቀት ይንቀጠቀጣል፣ ዘፈኑ ቴፑ ውስጥ ሳይኖር ጆሯችን ውስጥ ይቀጥላል። አሁን ሳስበው እነዚያ ቀኖች ራሳቸው በደከመ ድንጋይ የሚሄዱ ይመስሉኛል። ከማሽላው አገዳ፣ ከቆረቆንዳው፣ የመጠጥነው ጣፋጭ ውሃ አገጫችን ላይ ይደርቃል፣ ዝንብ ይመጣል፣ ማንም እጁን አያነሳም።

ግጥም አልነበረንምና ወፍ የምናባርርበትን ጩኸት አገባንበት። «ያልዘራኸውን ወፌ ምን አገባህ፣ ውረድ ከማሽላው ሳልመጣብህ»። እኔ እንደ ፈረንጁ እያወራሁ እላለሁ፣ ሁሴን ከስር ጉምም ይላል። በሁለት ጭብጨባ መሀል የምትቀር ትንሽ ባዶ ቦታ አለች፤ ሁሴን ሽቦውን የሚስበው እዚያች ላይ ነው። ቀደም አይል፣ ዘግየት አይል።

የምርጫው ቀን የቀበሌው አዳራሽ ሞላ። የኪነቱ ኃላፊ ጓድ ተፈራ ካኪ ለብሶ፣ ፊሽካ አንገቱ ላይ አንጠልጥሎ ፊት ተቀምጧል። ከኛ በፊት የመጡት ሁለት ቡድኖች ሰልፍ እየረገጡ ዘፈኑ። እኛ ወጣን። መጀመሪያ ሰው ሳቀ፣ ቀጥሎ አንድ ትከሻ ተነቃነቀ፣ ቀጥሎ አግዳሚው ወንበር ሁሉ ይረግጥ ጀመር። ስንጨርስ ጓድ ተፈራ ዘፈኑ የማን ነው ብሎ ጠየቀ። ዝም ብል ምን ነበረበት? እኔ ግን ጉራዬ አላስችለኝ ብሎ ከአሰብ ያስመጣሁት የፈረንጅ ዘፈን ነው አልኩት። ሁሴን አየኝ፤ ያን አስተያየት እስካሁን አልረሳሁትም።

«የኢምፔሪያሊስት ዘፈን ነው ቀበሌ ያመጣህልኝ?»

«ድሆቻቸው ናቸው ጓድ፣ ጌቶቻቸውን ነው የሚሰድቡት።»

«ወፉስ?»

«ወፉ አድኃሪ ነው።»

ሰው ሳቀ፣ እሱ ግን ካሴቱን በጆሮዬ ልስማ አለ። አያ ሙሄ ጠዋት ገብቶ ኖሮ ከእህቱ ጋር በር ላይ ቆሟል። አራት አዲስ ድንጋይ ከኪሱ አውጥቶ ይዘነው የመጣነው ቴፕ ውስጥ ከተተ።

ዘፈኑ ከሳጥኑ ዘሎ ወጣ። ግመላችን የበረገገ ፈረስ ሆነች። ያ ሽማግሌ ከኛ ብዙ የማይበልጥ ጎረምሳ ሆኖ ትንፋሽ ሳይወስድ ይለፈልፋል፣ ክሩ እንደ ምስማር ይፈልጣል፣ ከስር ያለው ከበሮ ግን እንደ በፊቱ እግር አያሳርፍም። አፌን ከፍቼ ቀረሁ። ጓድ ተፈራ አንገቱን አዘንብሎ ሰማና ቴፑን አስጠፋ።

«ይኼ እናንተ የተጫወታችሁት አይደለም። የናንተው የራያ ነው» አለና ስማችንን ጻፈ።

እትዬ ዘሀራ እልል አሉ። እኔ ሁለት እጄን አንስቼ ወደ ሁሴን ዞርኩ። ሁሴን አላየኝም። ጆሮውን ጠፍቶ የተቀመጠው ቴፕ ላይ ለጥፎ፣ ዓይኑን ጨፍኖ ነበር።

ማታ ፀሐይ ስታዘቀዝቅ ሆርማት ወንዝ አሸዋ ላይ ተቀመጥን። ስለ ዩኒፎርሙ ስለፈልፍ አቋረጠኝና፣ «እንድሪስ፣ እኛ እኮ ግማሹን ነው የሰማነው» አለኝ። ወደቡ ላይ እንዲህ ያለ ካሴት ሞልቷል፣ አጎቴ ነግሮኛል አለ። ቀበሌው እኮ ተቀብሎሃል፣ እናትህ ትቀራለህ ብለዋል አልኩት። «እማ አይደለችም የምትልከኝ። እኔ ነኝ የምሄደው።» ከዚያ በላይ ረጅም ነገር ተናግሮ አያውቅም።

ሲሄድ ቆርቆሮውን ለኔ ተወልኝ። የጠየቀኝ አሮጌዎቹን ድንጋዮች ነው፣ ጥርሴ ያረፈባቸውን። «በአዲሱ የነሱን እሰማለሁ፣ በነዚህ ደግሞ የኛን» አለኝ። ጨርቅ ውስጥ ጠቅልሎ ኪሱ ከተታቸው። ጥርሴ አሰብ ደርሷል፤ እኔ ራሴ ከወልድያ አላለፍኩም። ኪነቱ ውስጥ ሦስት ወር ቆየሁ፤ ቆርቆሮውን ለብዙ ሰው ሰጥቼ ሞከርኩ፣ ያችን ባዶ ቦታ ግን ያገኛት የለም። ሁሴን በአያ ሙሄ በኩል ሁለት ጊዜ ሰላምታ ላከ። ከዚያ መንግሥት ተለወጠ፣ አሰብ ከድንበር ወዲያ ቀረች፣ የአያ ሙሄም መኪና መምጣት ተወ። እትዬ ዘሀራ እስኪሞቱ ድረስ የጭነት መኪና ጡሩምባ ሲሰሙ ከጨው መደባቸው ይነሱ ነበር።

በቀደም የእህቴ ልጅ እንዲህ ያለውን ዘፈን ስልኩ ላይ አሰማኝ። ፓንክ ይባላል አለ፣ ፈንክና ራፕ የሚባለውን የጥቁሮቹን ጭፈራ የቀላቀሉበት። ያው ዘፈን ይሁን ወንድሙ አላወቅኩም፤ በሙሉ ድንጋይ ሲሮጥ ሁሉም አንድ ነው የሚመስለኝ። ዛሬ ሁሉ ነገር ሙሉ ነው፣ ሁሉም ይሮጣል፣ ፀሐይ ላይ አስጥቶ የሚጠብቅ የለም። ቀስ አድርግልኝ አልኩት። ስልኩ ለካ ፍጥነት መቀነሻ አለው። ቀነሰ፣ ቀነሰ፣ ልጁ ተበላሸ ሲለኝ ግመሏ መጣች። ማሽላው ነቀነቀ። እጄ ሳላዘው ማጨብጨብ ጀመረ፤ ባዶዋ ቦታ ላይ ስደርስ አቆምኩና ለሁሴን ተውኩለት።