በይስሙላ ሚስት ቀናሁ

ይህን ለንስሐ አባቴ እንኳ ተናግሬው አላውቅም። ፊታቸው ተንበርክኬ ጾም መግደፌን፣ ሰው ማማቴን ስዘረዝር ይህችን እዘላታለሁ። ረስቻት አይደለም።

ቶሎሳን አሳልፌ የሰጠሁት እኔ ነኝ።

በንጉሡ ጊዜ ነው፣ ቡራዩ። ጭቃ ሹሙ ኦቦ በዳዳ ለጦር የሚሄዱ ጎረምሶች እንዲያቀርቡ ታዘዋል ተባለና ወጣቱ ተሸበረ። ከፊሉ ጫንጮ ዘመድ ጋ ሸሸ፤ ከፊሉ ገፈርሳ ባሕር ዛፍ ውስጥ ውሎ ሲመሽ ይገባል። ጎጆ የወጣ ስለማይነካ ግን ጾሙ ሳይገባ ሰፈሩ ሠርግ በሠርግ ሆነ። እናቶች «ዘንድሮስ ከጠላው በፊት ሙሽራው ደረሰ» እያሉ ይሳሳቁ ነበር።

ቶሎሳ ጎረቤታችን ነው። «የማላውቀው ሰው ምን አድርጎኝ ነው የምተኩስበት?» ይል ነበር። እወደው ነበር። ማንም አላወቀብኝም፤ በአሥራ ሰባት ዓመቴ ከሕፃናት ጋር አራተኛ ክፍል የተቀመጥኩ፣ ከመጽሐፍ ቀና የማልል ልጅ ነበርኩ። እሱ ያገባው ጓደኛዬን ቦንቱን ነው።

ቦንቱ ሳቋን ማፈን አቅቷት ምስጢሩን ነገረችኝ። ጋብቻው ለይስሙላ ነው፤ እሷ ከእናቱ ጋር ትተኛለች፣ እሱ ከከብቶቹ ጋር። ምልመላው ሲያልፍ ሽማግሌ ያፋታቸዋል።

ቅናቴ በዚህ መብረድ አልነበረበትም? ባሰበት እንጂ። ለእውነት መርጧት ቢሆን አልቅሼ ይወጣልኝ ነበር። ለውሸት እንኳ ያላሰበኝ ምን ጎድሎኝ ነው? ሻሿን እንደ ባለትዳር አስራ የእሱን ልብስ ስታጥብ አያታለሁ። እኔ ያንን ውሸት ተመኘሁ።

አንድ ቀን ከትምህርት ቤት ስመለስ ኦቦ በዳዳን በበቅሏቸው ላይ ሆነው አገኘኋቸው። ማንም አልጠየቀኝም።

«ኦቦ በዳዳ፣ የቶሎሳ ጋብቻ የይስሙላ ነው» አልኳቸው።

«ማን ነገረሽ?»

«ራሷ።»

«አንቺስ ምን አገባሽ?»

ደብተሬን አቅፌ መንገዴን ቀጠልኩ። የተናገርኩት እውነት ነው፤ ስንት ዓመት በዚህች ቃል ሥር ተደብቄያለሁ። አልዋሸሁም እላለሁ። በሰው ጽሑፍ አንድ ሆሄ ተሳስቶ ባይ የሚቆረቁረኝ ሴት፣ በራሴ ሥራ ላይ ዓይኔን ጨፈንኩ።

በገበያ ቀን ይዘው በጭነት መኪና ወሰዱት። ቦንቱ ለሌሎችም ሹክ ብላ ስለነበር እኔን አልጠረጠረችም፤ የራሷን ምላስ ረገመች። እቅፌ ውስጥ ሆና እንዲህ አለችኝ፦

«መጀመሪያ ያሰበው እኮ አንቺን ነበር። ‹ካገባች ከትምህርት ቤት ያስወጧታል፤ ስንት ለፍታ የገባችበትን› አለና ተወው።»

ከዚያ ከጠረፍ መርዶው መጣ። ቦንቱ የሚስት ጥቁር ለበሰች። አሁን የምጽፈው ከሁሉ ያሳፍረኛል፤ ከለቀስተኛው መሀል ተቀምጬ በዚያ ጥቁር ልብስ ቀናሁ። ሞቶም እሷ ሚስቱ ናት፣ እኔ ጎረቤት።

ትምህርቴን ጨረስኩ። ይህን የምጽፈው እሱ ባተረፈልኝ ትምህርት ነው። ቦንቱ ዛሬም ጎረቤቴ ናት፤ ጠዋት በአጥር ላይ «አካም ቡልቴ» ብላ ደኅና ማደሬን ትጠይቀኛለች። ፊደል አልቆጠረችም።

ከእናንተ ይቅርታ አልጠይቅም፤ የምትሰጡኝ እናንተ አይደላችሁም። ነገ አጥሩን አልፌ እገባለሁ። ይህን ከመጀመሪያው ጀምሬ አነብላታለሁ፤ አንድም ቃል አልዘልም።