የቱሪያ ችግኞች የጠጡት ውሃ

ቱሪያ ሳቢያን ሰፈር ውስጥ አጥር የምንጋራ ጎረቤቴ ናት። ባሏ ከሞተ ወዲህ ልጆቿን የምታሳድገው የሎሚ ችግኝ አፍልታ በመሸጥ ነው። የቧንቧው ውሃ እንደልብ ስለማይመጣ፣ የባሏ ወንድም ሳላሀዲን ከከተማው ዳር፣ ጨው ከሌለበት ጉድጓድ፣ በአህያ ጋሪ ያመላልስላታል። ወይም እንደዚያ ብሏታል። እሷ ውሃውን አንድም ቀን ቀምሳው አታውቅም። «የወንድም እጅ ይቀመሳል እንዴ? ነውር ነው» ትላለች።

ዘንድሮ የችግኞቹ ቅጠል ከዳር ከዳር እየነደደ ይረግፍ ጀመር። ሳላሀዲን አየና «አቦ፣ ሙቀቱ ነው! ጠምቷቸዋል» አላት። አመነችው፤ ጠዋትም ማታም ታጠጣ ጀመር። ባጠጣች ቁጥር ባሰባቸው። ችግኞቹ ካለቁ የዓመቱ ጉሮሮዋ ተዘጋ ማለት ነው።

እኔ የባዮሎጂ አስተማሪ ነኝ፤ ምላሴም አያርፍም። አንድ ቅጠል ቀጠፍኩና «ይሄ ጥም አይደለም፣ ጨው ነው» አልኳት። የተክል ሕዋስ አጥብቆ የሚፈልገው ፖታሲየምን ነው። የጨው ሶዲየም ግን ስለሚመስለው አብሮ ሾልኮ ይገባል። ሕዋሱ የቻለውን መልሶ ወደ ውጭ ይገፋል፤ የቀረውን እጓዳው ከቶ ይዘጋበታል። ጓዳው ሲሞላ ጨው ቅጠሉን ከዳር ጀምሮ ያቃጥለዋል። «ስለዚህ ውሃ በጨመርሽ ቁጥር ጨው እየጨመርሽላቸው ነው» አልኳት።

«ሳላሀዲን እንዲህ አያደርገኝም፣ ወላሂ!» ብላ ተቆጣችኝ። ከዚያ ግን ሄዳ ጣቷን በርሜሉ ውስጥ ነከረችና ላሰችው። እዚያው መሬት ላይ ተቀመጠች።

ጋሪ ነጂዎቹን ብጠይቅ ሁሉም ያውቃል። ሳላሀዲን ሩቅ መሄድ ሰልችቶት፣ ከጨውነቱ የተነሳ ሰው ከማይጠጣው ቅርብ ጉድጓድ ነበር የሚቀዳው። ያመኑት ፈረስ ጣለ በደንደስ ይሉ የለ! እኔ ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ፤ ቱሪያ ግን ክፉ ቃል አልወጣትም። ቀፊራ ገበያ ድረስ ሄዶ የሚሟገትላት ሰው አድርጋ ነበር የምታየው፣ ያ ነው የጎዳት።

ከሰዓት ጋሪውን እየነዳ መጣ፤ ጉንጩ በጫት ተወጥሯል። ቱሪያ ካመጣው ውሃ በብርጭቆ ቀዳችለት።

«ጠጣ፣ ዋርሳዬ፤ ደክሞሃል።»

ብርጭቆውን አየ፣ እኔን አየ።

«ዛሬ ጾመኛ ነኝ» አለ፣ ጫቱን እየቃመ።

«ችግኞቼም እንዳንተ ጾመኛ ነን ማለት ቢችሉ ኖሮ፣ አይሞቱብኝም ነበር» አለችው፤ ለቅሶዋም ያኔ መጣ።