የታደሰ ጥድ

ልጅ ሳለሁ፣ በደርግ ዘመን፣ ቤታችን አሰላ ዳር ከፖሊስ ማሠልጠኛው አጥር ጋር ይጎራበት ነበር። የማሠልጠኛው ዘበኛ አባባ ደምሴ ሲመሽ የሰፈሩን ልጆች ምድጃቸው ዙሪያ ሰብስበው፣ ጭሱ ዓይናችንን እየለበለበው፣ በኩራዝ ብርሃን የሚያወሩልን የአንበሳና የጦጣ ሳይሆን የጥዶቹን ተረት ነበር። ያኔ ሠልጣኝ ሲመረቅ አጥሩ ሥር አንድ ጥድ ተክሎ ይሄዳል፤ አባባ ደግሞ የሁሉንም ያውቃሉ። «ይቺ የጢቾው ልጅ ናት፤ ቦት ጫማ ጠቦት ሳምንት ሙሉ ያለቀሰው። ያቺ የሳጉሬው፤ ሰልፍ ላይ ቆሞ የሚያንቀላፋው።»

የመጨረሻዋ የልጃቸው የታደሰ ናት። በተመረቀ በሳምንቱ ወደ ሰሜን ጦር ግንባር ተላከና ደብዳቤው ቀረ። «የእሷ ገና አላለቀም» ይሉና አባባ ፍሙን ይቆሰቁሳሉ። ሚስታቸው እትዬ በላይነሽ ጠዋት ጠዋት ውኃ ሲያጠጧት «እንዴት አደርክ?» ይሏት ነበር።

አንድ ጥቅምት እትዬ ታመው ተኝተው ሳሉ ጥዷን ውርጭ መታት። እኔ የሰው ግቢ ሳላይ የማልውል፣ ማለዳ ውኃ ልቀዳ ስወጣ አባባ የደረቀችውን ነቅለው ሌላ ችግኝ ሲተክሉ አየሁ። እንዳይታወቅባቸው አፈሩን ጠፍጥፈው ቅጠል በተኑበት።

ምላሴ መቼ አስቀመጠኝ፤ ሄጄ ለእትዬ ነገርኳቸው።

ጋቢያቸውን ገለጥ አድርገው ቀና አሉ። «ማየትሽን ያውቃሉ?»

«አያውቁም።»

«እንግዲያው እኔም አልሰማሁም። ይህን ያህል ለፍተውልኝ።»

ያን ማታ ከመኝታቸው ሆነው «ጥዷ እንዴት ሰነበተች?» ብለው ጠየቁ።

«ለምልማለች» አሉ አባባ፣ ፍሙን እያዩ።

«እሰይ» አሉ እትዬ።

እንባዬ መጣ። ልጆቹ ጭሱ መሰላቸው።

ታደሰ አልተመለሰም። ደርግ ወድቆ ማሠልጠኛው ባዶ ሲቀር አጥሩ ፈረሰ፣ ጥዶቹም እየተቆረጡ ማገዶ ሆኑ። ለአንዷ መጥረቢያ ይዘው የመጡትን ግን እትዬ ፊታቸው ቆመው «የልጄ ናት» ብለው መለሷቸው። አባባ ከጎናቸው ሆነው መሬት መሬቱን ያዩ ነበር።

ዛሬ ሁለቱም የሉም። በሰፈሩ ያየሁትን ሁሉ አውርቻለሁ፤ ያችን ማለዳ ግን ከእትዬ ወዲህ ለማንም አልተነፈስኩም ነበር። አላፊ አግዳሚው ከጥላዋ ሥር ሲያርፍ የማን ጥድ እንደሆነች ይጠይቀኛል። «የታደሰ ናት» እላለሁ።