ሁለት ከአሥር

መደርደሪያዬን ልወስድ በሄድኩበት ቀን አናጢው መላጊያ ማሽኑን በድንገት አጠፋው። ጣውላው ገና ግማሽ ላይ ነበር። ከፊቴ ተራውን ይጠብቅ የነበረ ደንበኛ «ምነው ጌታው፣ መብራት ሄደ እንዴ?» ሲል ጠየቀው። አናጢው በአገጩ ወደ መንገዱ ጠቆመ። አንዲት እናት የተኛ ልጇን ትከሻዋ ላይ አጋድማ በጠባቡ መንገድ እየመጣች ነበር። ልጁ ብዙ አልቅሶ እንደተኛ ጉንጩ ላይ የደረቀው እንባ ይናገራል። ሴትየዋ በሩን አለፈች፣ የጥጉን ሱቅ አለፈች፣ ታጠፈች። አናጢው አሁንም እጁን ማብሪያው ላይ አድርጎ ቆሟል። ሌላ ሃያ እርምጃ ያህል ጠበቀላትና ማሽኑን አስነሳው። እሷ ቀና ብላም አላየችው።

እንዲህ ያለውን ሰው እግዚአብሔር ሲያሳየኝ ዝም ብዬ ማለፍ አይሆንልኝም። መደርደሪያው አልደረሰም ነበር፤ «ነገ» አለኝ። በማግስቱም «ነገ» አለኝ። አንዱን ጣውላ አሳጥሮ ቆርጦት ነበር፤ ሌላውን ደግሞ በተሳሳተ በኩል በስቶታል። ለሰላሳ ዓመት እንጨት የቆረጠ ሰው እንዲህ የሚሳሳተው ልቡ ሌላ ቦታ ሲሆን ነው። ልቡ የት እንደሆነ በእነዚያ «ነገ»ዎች መሐል በቁርጥራጭ አጫወተኝ።

አናጢው ሙዚቃ ይወዳል። ጎረምሳ ሳለ ጓደኞቹ ጫማ ሲያሳምሩ እሱ ካሴት ይሰበስብ ነበር። ሲያገባ ከአልጋም ከቁም ሣጥንም በፊት የሠራው የቤት ዕቃ ለካሴቶቹ የሚሆን ባለ ትንንሽ ክፍል ሣጥን ነው፤ ሚስቱ ይህን እስከ ዛሬ አልረሳችለትም። ሁለት ሴቶች ልጆቹን ያሳደገው በእነዚያ አልበሞች ነው። ቅዳሜ ከምሳ በኋላ ቴፑ ይከፈታል። አንድ አልበም ከመጀመሪያው ዘፈን እስከ መጨረሻው ይሰማል። ማሳለፍ የሚባል ነገር የለም።

«አባዬ፣ ሦስተኛውን እንለፈው፣ ይደብራል» ትለዋለች ታላቂቱ።

«አይደብርም። አራተኛው እንዲጣፍጥሽ ነው እዚያ የተቀመጠው።»

«አራተኛውም ቢደብርስ?»

«አምስተኛውን ትጠብቂያለሻ! ሰውዬው ሁለት ዓመት ለፍቶ የደረደረውን አንቺ በሁለት ደቂቃ ልታፈርሺበት ነው?»

ልጆቹ «ዳኛው» ብለው ስም አወጡለት። እሱም ስሙን ወደደው።

በኋላ ነገሩ ተገለባበጠ። ታላቂቱ ትምህርቷን ጨርሳ ሌላ ከተማ ላቦራቶሪ ውስጥ ተቀጠረች፤ ከሄደች ጀምሮ በየሳምንቱ ዓርብ አንድ አዲስ ዘፈን በስልክ ትልክለታለች። እሱ ይሰማና ከአሥር ነጥብ ይሰጣል። ሁለቱ ስልክ ሲደዋወሉ «ደህና ነሽ?»፣ «ደህና ነኝ፣ አንተስ?» ከተባባሉ ወዲያ ወሬያቸው ያልቃል፤ እንደ ብዙ አባትና ልጅ ናቸው። የናፍቆታቸውን የሚነጋገሩት በዘፈኖቹ ነው። «ይኼንን ስሰማ አንተ ትዝ አልከኝ» ብላ የላከችለትን አንዱን ዘፈን ለአንድ ሳምንት ያህል ሲያንጎራጉር ከርሟል።

መጀመሪያ ላይ ነጥቡ ሰባትም ስምንትም ይደርስ ነበር። ከዓመት ወደ ዓመት ግን እየወረደ ሄደ። «ድራም ብቻ ነው፤ ዜማው የታለ?» ይላል። «ግጥሙን ለምን ያላምጡታል?» ይላል። ለደንበኞቹም ሳይጠየቅ ስለ ዘመኑ ዘፈን መበላሸት ይሰብካል።

«አባዬ፣ የዘንድሮ ዘፈን ግን ምን አደረገህ?» አለችው ታላቂቱ አንድ ቀን እየሳቀች።

«ምንም። ችግሩ ምንም አለማድረጉ ነው።»

ከዚያ አንድ ዓርብ ያለ ምንም ቃል አንድ ዘፈን መጣ። ሌላ ጊዜ አንድ መስመር ትጽፍበት ነበር፤ ይህኛው ባዶውን ነው። አናጢው በምሳ ሰዓት ጣውላ ላይ ተቀምጦ ሰማው። ድራም አለ፣ ቤዝ ጊታር አለ፣ ከኋላ ደግሞ ሰው በተዘጋ በር ጀርባ የሚያወራ የመሰለ አንድ ነገር አለ። እንዲህ ብሎ ጻፈላት፦ «ሁለት ከአሥር። ሁለቱም የድራም መቺው ናቸው። ዘፋኟ ግን ነቅታ ነው የዘፈነችው?» ጽፎ ሲጨርስ ራሱን በራሱ አሳቀው።

«እሺ አባዬ» የሚል መልስ መጣ። ሌላ አልተጨመረበትም።

በሚቀጥለው ዓርብ ዘፈን አልመጣም። በሁለተኛውም በሦስተኛውም አልመጣም። አናጢው ማሽኑን እያጠፋ ስልኩን ያያል፤ ስልኩ በሰጋቱራ ተሸፍኗል፤ ይጠርገውና መልሶ ያየዋል። ይደውላል፤ «ሥራ በዝቶብኝ ነው» ትለዋለች። ድምጿ ራቀበት። ቤት ሲገባ ወንበር ላይ አይረጋም፤ ይቀመጣል፣ ይነሳል፣ መስኮቱን ይከፍታል፣ ይዘጋል። በአራተኛው ዓርብ ታናሺቱን ጠራት።

«ሚጣ፣ እህትሽን ምን ነካት?»

«እኔ ምን አውቄ።»

«ታውቂያለሽ። ስትዋሺ ጥፍርሽን ትበያለሽ።»

ሚጣ ጣቷን ከአፏ አወጣች። «አባዬ፣ ያ ዘፈን እኮ የራሷ ነው። ከሥራ ጓደኞቿ ጋር ሆና የቀረጸችው ነው። የመጀመሪያቸው ነው። የእሷ መሆኑን ሳታውቅ የምትሰጣትን ነጥብ ፈልጋ ነው ዝም ብላ የላከችልህ። አልበም እናወጣለን እያለች ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ ማይክ አልነካም ብላለች። 'አባዬ ለሰው አያዳላም፣ እውነቱን ነው የነገረኝ' አለች።»

ይህች የመጨረሻዋ ቃል ናት እንቅልፍና ምግብ የነሳችው። ዘፈኑን ከፈተው። ድራም። ደገመው። ድራም። ድምፁን እስከ ጫፍ ከፍ አደረገው፤ ድራሙ ብቻ ጮኸበት። በነጋታው ጥፋቱን ስልኩ ላይ ጥሎ ወደ ስልክ ጠጋኙ በረረ።

ጠጋኙ ዘፈኑን ከፍቶ ጆሮው አጠገብ ያዘው። «ጌታው፣ ይኼ ስልክ ከእኔም ካንተም ጤነኛ ነው» አለው። ሊመልስለት እጁን ዘረጋና መልሶ ወደ ጆሮው ወሰደው። «ቆይ ግን፣ ይቺ ልጅ ማን ናት? ምን የመሰለ ድምፅ ነው ያላት!»

አናጢው ስልኩን ነጥቆት ወጣ። መንገዱን ካጋመሰ በኋላ አለማመስገኑ ትዝ ብሎት ተመልሶ አመስግኖ እንደገና ወጣ። ጠጋኙ ልጁ መሆኗን አያውቅም፤ ሊያስደስተው ብሎ አልዋሸም። እንግዲያው ጠጋኙ የሰማው የት ያለውን ድምፅ ነው?

ቤቱ ገብቶ ከሁሉ የሚወደውን የድሮ አልበም ቴፑ ውስጥ ከተተ። በዋሽንት የሚጀምር አልበም ነው። ዋሽንቱ እንደ ሁልጊዜው መጣ፤ ዓይኑን ጨፍኖ መወዛወዝ ጀመረ። ሙዚቃ የማይገባኝ ሰው አልሆንኩም፣ ተመስገን፣ ብሎ አሰበ። ሚስቱ የታጠበ ልብስ ተሸክማ ገባች።

«አንተ ሰውዬ፣ በዚህኛው ደግሞ ምኑን ሰምተህ ነው የምትወዛወዘው?»

«ዋሽንቱን ስሚው እንጂ!»

«የቱን ዋሽንት? ይኼ ቴፕ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቶ የሚያወራ ሰው ከመሰለ ሁለት ዓመቱ። እስክታጸዳው ስጠብቅህ ነበር እኮ።»

ልብሱን አስቀምጣ ጥጥ በአልኮል ነክራ መጣች። ካሴቱን አውጥታ የቴፑን ራስ ጠረገችው፤ ጥጡ ቡናማ ሆኖ ወጣ። ካሴቱን መልሳ ከተተችና ማጫወቻውን ተጫነችው። «ይኸው!» አለች። «አሁን መጣ ዋሽንቱ!»

አናጢው ጠበቀ። ለእሱ ምንም አልመጣም፤ የሄደም አልነበረም። ከመጠረጉ በፊት የሰማው ዋሽንትና አሁን የሚሰማው ዋሽንት አንድ ናቸው። ሁለት ዓመት ሙሉ ቴፑ ያልተጫወተውን ዋሽንት የተጫወተለት የገዛ ጭንቅላቱ ነበር። ወንበሩ ጠርዝ ላይ ቁጢጥ አለ።

ሰው የጎደለበትን ሳያውቅ ይህን ያህል ዘመን ሞልቶለት መኖሩ ያስገርመኛል። እኔ ይህንን ከምሕረት እቆጥረዋለሁ፤ እሱ ግን ያን ዕለት እንዲያ አልታየውም።

በማግስቱ ሐኪም ቤት ሄደ፤ የጆሮ ምርመራ ክፍሉ ውስጥ ማዳመጫ አድርገውለት ድምፅ በሰማ ቁጥር እጁን እንዲያነሳ ነገሩት። ወፍራሞቹን ድምፆች ሰማ፤ እጁን አነሳ፣ አወረደ። ከዚያ ድምፁ ቆመበት። ጠበቀ።

«መሣሪያው ቆመ መሰለኝ» አለ።

«አልቆመም» አለችው ባለሙያዋ ቀስ ብላ። «እየጮኸ ነው።»

ቀጫጭኖቹ ድምፆች ለሰላሳ ዓመት በመላጊያ ማሽኑ ጩኸት ተበልተው አልቀዋል፤ ሰው ሲያወራው በቀሩት ወፍራሞቹ ስለሚከተል ነው ሳያውቅ የኖረው። የጆሮ መሸፈኛው ሥራ ቤቱ ግድግዳ ላይ፣ ምስማር ላይ እንደተሰቀለ ነው፤ ሰጋቱራ ጠጥቶ ቀለሙ እንኳን አይለይም። የሚያግዝ የጆሮ መሣሪያ ይታዘዝለታል፤ እስኪመጣ ግን ሁለት ወር ይፈጃል። ታላቂቱ ደግሞ የፊታችን እሁድ ልትጠይቃቸው ትመጣለች።

«ጆሮዬ ነው በላትና ተገላገል» አለችው ሚስቱ።

«እሱንማ እነግራታለሁ። 'እሺ፣ ዘፈኔስ?' ስትለኝ ምን ልበላት? ሳልሰማ ሁለት ሰጠኋት። አሁን ደግሞ ሳልሰማ አሥር ልስጣት? ልጄ ሞኝ አይደለችም። ይባስ ብላ 'አዘነልኝ' ነው የምትለው።»

ረቡዕ ረፋድ ላይ ስደርስ መደርደሪያው አልቆ በር ላይ ቆሟል። እጅግ ያምራል። መጽሐፎቼ ከወለል ሊነሱ ነው ብዬ በልቤ አመሰገንኩ። አናጢው ግን የሚረከበውን ሰው ዓይን የሚያይ አልነበረም። በርጩማውን በእጁ ጠርጎ አስቀመጠኝ፤ እሱ አልተቀመጠም። መዶሻውን አነሳ፣ ቦታ ቀየረለት፣ መልሶ አመጣው።

«ወንድሜ፣ አንተ መጽሐፍ የምታነብ ሰው ነህ። ይጽፋልም ይሉሃል።»

«እንዲያው እሞካክራለሁ።»

«አንድ ነገር አስቸግርሃለሁ። የድሮዎቹን አልበሞች የምሰማቸው ስለማውቃቸው ነው አይደል? የቱ ጋ ምን እንደሚመጣ ስለማውቅ ጭንቅላቴ ይሞላልኛል። ይኼኛውን ግን አላውቀውም።» ስልኩን ከኪሱ አወጣ። «ስማልኝና ጻፍልኝ። ግጥሙን ብቻ አይደለም። የቱ ጋ እንደምትገባ፣ የቱ ጋ ድምጿ ከፍ እንደሚል፣ ከፍ ሲል ይንቀጠቀጥ እንደሆነ፣ የቱ ጋ እንደምትተነፍስ። ወረቀቱን ይዤ እስከ እሁድ መቶ ጊዜም ቢሆን እሰማዋለሁ።»

«ባለቤትህስ? ሚጣስ?»

«ሚስቴ ታለቅሳለች። ሚጣ ለእህቷ ብላ ትቀባባዋለች። አንተ ግን ታላቂቱን አታውቃትም። ደካማ የሆነበት ቦታ ካለ ደካማ ነው ብለህ ጻፈው። እንዳታዝንልኝ። ጭንቅላቴ ባይሞላልኝ እንኳ የት እንዳለች አውቃለሁ፤ 'እዚህ ጋ፣ ድራሙ ሁለቴ ሲመታ፣ ከፍ ያልሽበት' ብዬ ላናግራት እችላለሁ።»

ስልኩን ዘረጋልኝ። የመላጊያ ማሽኑን ሶኬት ነቀለ፤ በሩንም ገርበብ አደረገው።

«አራት ደቂቃ ነው» አለኝ። «አሁን ትሰማልኛለህ ወይስ ነገ ጠዋት ይሻልሃል?»